ወደ አያ ይመር ተዝካር የወሰድኩት ጠጅ

ጠጅ የሚጠጣ ሰው ማሩ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። እኔም ጠጅ ሻጭ ሆኜ ሳለሁ፣ ማሬ የሚመጣበትን አገር ሄጄ አላየሁትም ነበር። እናንተም የምትሄዱበት አይመስለኝም፤ መንገዱ እንግዳ አይጋብዝም። ስለዚህ ያየሁትን ሳይደበዝዝብኝ ልንገራችሁ።

አስካለ እባላለሁ። ደሴ ውስጥ ትንሽ ጠጅ ቤት አለችኝ። ማሬ ከወግዲ ማዶ፣ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ካለ መንደር፣ አያ ይመር ከሚባሉ ሽማግሌ ነው የሚመጣው። አያ ይመር ለዓይናቸው ሕክምና ደሴ ሲመጡ እኔ ቤት ያርፋሉ። ጠጄን ቀምሰው «ማሬን አላዋረድሽውም» ካሉኝ የዓመቱ ምስጋናዬ እሱ ነው። ማሩን የሚያመጣልኝ ሰይድ የሚባል የሚኒባስ ሾፌር ነው።

ገና ጾም ላይ ሳለን ሰይድ ሁለት ባልዲ ማር ይዞ ገባ። ሁልጊዜ ቀልድ ይዞ ነበር የሚገባ፤ የዚያን ቀን ግን ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

«እትየ አስካለ፣ አብሽሪ እንግዲህ። የአያ ይመር ተዝካር ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ነው። ጠጁን አስካለ ጥላ ይዛልን ትምጣ ብለዋል ከቤታቸው።»

«ሞቱ?»

«ማሩን መናኸሪያ ላይ የሰጠኝ ሰው ተዝካር ነው ያለኝ። ተዝካር ከተባለ እንግዲህ ምን ልጠይቅ?»

መርዶ ሳልረዳ ለተዝካር መጠራቴ አንገበገበኝ። ቢሆንም ማር ተልኮልኛል፤ የሟች አደራ ደግሞ አይመለስም። ባልዲዎቹን ከፈትኩ። አንደኛው የማውቀው ነጭ ማር ነው። ሌላው ቀይ፣ ጥቁር ሊባል ምንም ያልቀረው፣ የጠጠረ፣ ሽታው እንደ አሮጌ ሳጥን የሆነ ማር ነበር። አያ ይመር እንዲህ ያለ ማር ልከውልኝ አያውቁም። ለየብቻ ጣልኳቸው፤ የማላውቀውን ማር ከማውቀው ጋር አልደባልቅም። ሲደርሱ ነጩን በነጭ ጀሪካን፣ ቀዩን በቢጫ ጀሪካን ሞላሁ። የቀዩን ስቀምሰው ደግሜ ቀዳሁ። በዕድሜዬ እንዲያ ያለ ጠጅ ጥዬ አላውቅም።

ረቡዕ

ጠዋት ከደሴ ወጣን። ከጢጣ አልፈን ወደ ጉጉፍቱ ስንወጣ ጉም መንገዱን ዋጠው። ደሴም ጉም አታጣም፤ ግን የደሴ ጉም ሰው የለመደ ነው፣ ጦሳን ሸፍኖ ያረፍድና ይሄዳል። ይሄኛው መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ወደ ውስጥ የሚያይ ይመስላል። ሰይድ በጥር ወር እንዲህ ያለ ጉም አይቶ እንደማያውቅ ነገረን።

አቀበቱ መሐል ላይ ከኋላ ወንበር ሥር አንድ ድምፅ ተሰማ። የሚተነፍስ ነገር ድምፅ ነው፤ ይስባል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይስባል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት እግሮቿን ወደ ላይ ሰበሰበች።

«ማነው የሚተነፍሰው?» አለች። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «አዑዙ ቢላሂ» ማለት ጀመሩ።

ሰይድ መኪናውን አቆመ። ድምፁ የእኔ ጀሪካን ነበር፤ ቢጫው። ከፍታው ላይ ስንወጣ ጠጁ ታፍኖ ጀሪካኑ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፍቷል። ጠጅ ጣይ ነኝ ብዬ ክዳኑን አጥብቄ መዝጋቴ ለራሴም አሳፈረኝ። አቅፌው ወርጄ ክዳኑን ላላ ሳደርገው አረፋው ቀሚሴ ላይ ተደፋ። ነጩ ጀሪካን በዚያው አቀበት ወጥቶ ምንም አልሆነም።

ቀና ስል ከመንገዱ ዳር ሰዎች ቆመዋል። ጋቢ የለበሱ፣ ረጃጅም፣ የማይንቀሳቀሱ። «ደግ ዋላችሁ?» አልኩ። ዝም። ደገምኩ፤ አሁንም ዝም። በሬሳ ፊት የቆሙ ለቀስተኞች ይመስሉ ነበር።

«እትየ፣ ጅብራ ነው» አለ ሰይድ ከመስኮቱ። «ተክል ነው። ሰላምታ አይመልስም።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ግን መኪናው ሲነሳ ዞሬ አየሁ፤ ያው ቆመዋል።

በጉሙ ምክንያት እያዘገምን አቀስታ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። ያደርንበት ቤት ባለቤት የጠጅ ሽታዬን ስታሸት መጀመሪያ ሰክሬ የመጣሁ መስሏት ነበር። ነገሩን ስነግራት ሽሮ አቀረበችልኝ፣ የራሷን ቀሚስ አለበሰችኝና የእኔን አጥባ እሳት ዳር ሰቀለችው። ደሴ ውስጥ ቤት ያከራየ ሰው ሙቅ ውኃ ሲጠየቅ ፊቱን ያጠቁራል፤ ይህቺ ሴት ሳልጠይቃት ነው። ጀሪካኑ ግን አላማራትም።

«ይሄ የሚተነፍሰው ነገር እኔ ቤት አያድርም» አለች።

«ውጭ ካደረ ውርጭ ይመታዋል። የሰው ተዝካር ነው።»

ትንሽ አሰበችና ወስዳ የራሷ አልጋ ሥር ከተተችው፣ በጋቢ ሸፈነችው። ጠዋት እንዴት አደርሽ ስላት «እንደ ሕፃን ሲተነፍስ አደረ፤ ደህና እንቅልፍ ወሰደኝ» አለችኝ። ቀሚሴ ገና ስላልደረቀ የእሷን እንደለበስኩ፣ የእኔን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ሐሙስ

ውርጩ ሜዳውን ነጭ አድርጎት አደረ። ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው አገር ዛፍ አያበዛም፤ ጓሳ፣ ድንጋይና ሰማይ ነው። አንድ ቦታ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ገደል ጫፍ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተደርድረዋል፤ መኪናው ሲያልፍ አንዱም አልዞረም። ሰይድ በጠዋቱ ስለ አያ ይመር ያወራኝ ነበር። አንድ ጊዜ ወግዲ ድረስ ሰው ጭኖ ሄዶ መኪናው ሲሰበርበት ከነተሳፋሪው አሳድረውታል። «ደግ ሰው ነበሩ፤ አሏህ ይዘንላቸው» ይልና ደግሞ ይጀምራል።

መካነ ሰላም ሰፊ ናት። ደሴ ቤቶቿን ተራራ ላይ አዝላ ስትንጠላጠል፣ መካነ ሰላም ሜዳዋን ዘርግታ ተቀምጣለች። እግሬ ቁልቁለት ስለለመደ ሜዳው ላይ ስሄድ ደከመኝ። ምሳ በላንና ባዶ እጄን እንዳልገባ ጧፍ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ።

ባለሱቁ ወፍራም፣ ዓይነ ከባድ ሰው ነው። «ለየትኛው ደብር ነው?» አለኝ።

«ለተዝካር ነው። ወግዲ ማዶ፣ የአያ ይመር።»

«የአያ ይመር ጧፍ እኮ ሄዷል። ባለፈው ገበያ ራሳቸው መጥተው ወሰዱ።»

«ማን መጥቶ?»

«አያ ይመር።»

«ሰውዬው እኮ ሞተዋል» አልኩት።

ባለሱቁ አየኝ፤ ሰይድንም አየው። «እንግዲህ እኔ የማውቀው ያየሁትን ነው» አለ። «አንድ በአንድ እያሸተቱ መረጡ። ሰሙ ንጹሕ ይሁን፣ የራሴ ነው አሉኝ።»

ሰይድ እጄን ይዞ ከሱቁ አስወጣኝ። «ሸይጧን ነው፣ ተይው። ወይ ሰው ተሳስቶበት ነው» አለኝ። ሁለተኛው ነገር ደስ አለኝና ያዝኩት፤ በዚያ አገር ይመር የሚባል ሰው መቼም ጠፍቶ አያውቅም። ጧፌን ሳልገዛ እንደወጣሁ ያስታወስኩት አልቤርጎ ከገባን በኋላ ነው። ተመልሼ ልገዛ አልደፈርኩም።

ዓርብ

ሰይድ መንገዱ እዚህ ድረስ ነው፤ እሑድ ሊጠብቀኝ ተቀጣጠርን። እኔ ጀሪካኖቼን ይዤ ወደ ወግዲ በሚሄድ አይሱዙ ጋቢና ተሳፈርኩ። የተባልኩበት ቦታ ስወርድ አንድ ሸበቶ ሰው በቅሎ ይዘው ይጠብቁኛል። የአያ ይመር ጎረቤት ናቸው፣ ሸህ እንድሪስ።

«አፊያ ነሽ ወይ? መንገዱ አላንገላታሽም? አልሐምዱሊላህ» እያሉ ጀሪካኖቹን በሁለት ጎን ጫኑ። ለሌላ ሃይማኖት ሰው ተዝካር የሚሆን ጠጅ በገዛ በቅሏቸው ሲጭኑ ለማየት ወሎ መወለድ ያስፈልጋል።

በስተቀኝ ዓባይ በረሃ አለ፤ ግን አይታይም። ጉም ሞልቶታል። በገደሉ አፋፍ መሄዳችንን የማውቀው ድምፃችን ወደዚያ ሄዶ ስለማይመለስ ነው። ሸህ እንድሪስ ከፊት ይሄዳሉ። ከኋላ ሆኜ ጠየቅኋቸው።

«አያ ይመር ሕመማቸው ምን ነበር?»

«ሕመም አልነበረውም።»

«ድንገት ነው እንግዲህ።»

«አይ» አሉ ሳይዞሩ። «አስቦበት ነው። ብዙ ቀን መከርነው፤ እምቢ አለ።»

ገመድ ታየኝ፣ ገደሉ ታየኝ። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም፤ ታዲያ ይሄ ተዝካር ምንድነው? ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁም። ጥያቄ ካበዛሁ መልሱ ይመጣብኛል ብዬ ፈራሁ።

ከሰዓት በኋላ መንደሩ ደረስን፤ ሸህ እንድሪስ በቅሎዋን በጓሮ ሊያስገቡ ዞሩ። ቀብር ያልደረሰ ሰው ባዶ አፉን ግቢ አይገባም። በሩ ላይ ነጠላዬን አዘቅዝቄ አደገደግሁ፣ ድምፄን አወጣሁ። «ወንድም ዓለም፣ ማር ቆራጩ፣ ደጉ፣ ሳልቀብርህ» እያልኩ አለቀስኩ። ዕንባዬ የእውነት ነበር። ከጉሙ ውስጥ ለቅሶዬን የሚያጅብ ሴት እጠብቃለሁ፤ ማንም አላጀበኝም። ግቢው ጸጥ እንዳለ ነው።

ከቤቱ በር ሳል ተሰማ። ያንን ሳል አውቀዋለሁ።

«ማነው? አስካል ነሽ?»

አያ ይመር ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ከጉሙ ወጡ። መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። «በስመ አብ» ማለቴን አስታውሳለሁ። አጠገቤ መጥተው አጎነበሱ፣ እጄን ያዙ። እጃቸው ሞቃት ነበር።

«ግቢ እንጂ፣ ምን በብርድ ታለቅሺያለሽ? ደህና አልቀሽልኛል፤ ከሞትኩ እንዲህ የሚያለቅስልኝ አላገኝም» አሉ።

ቤት አስገብተው በርጩማ ላይ አስቀመጡኝና ውኃ አሙቀው እግሬን ራሳቸው አጠቡ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ኧረ በሞቴ ይተዉ» እል ነበር። የዚያን ቀን ግን ሞት የሚባል ቃል ከአፌ አልወጣም። እያጠቡኝ ነገሩን አስረዱኝ። ይህ የቁም ተዝካር ነው። ወራሽ የሌለው ሰው ድሮ በሕይወቱ ሳለ የራሱን ተዝካር ያወጣ እንደነበር ከእናቴ ሰምቻለሁ፤ በዓይኔ ግን አይቼ አላውቅም፣ ለሰይድም ጨርሶ አልታሰበውም።

«እርስዎ ወራሽ አለዎት እኮ» አልኳቸው። አንድ ልጅ እንዳላቸው አውቃለሁ፤ አራጋው ይባላል። ዐረብ አገር ሊሄድ በእግሩ ተነስቶ ባሕሩ ዳር ደርሻለሁ ብሎ ስልክ ደውሎ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

«ነበረኝ» አሉ፣ እግሬን በፎጣ እያደረቁ። «ባሕር የበላውን ማን ይመልሳል? ነገ ስሞት ይቺ አሮጊት ሚስቴ ለተዝካሬ ደጅ ለደጅ ልትለምን ነው? እኔው በልቼ፣ አብልቼ ልሂድ።»

እንግዳው ነገር ሌላው ነው። ተዝካሩ ከተቆረጠ ጀምሮ መንደሩ ሳያውቀው እሳቸውን እንደ ሟች ይዟቸዋል። አንዲት ጎረቤት ወንፊት ልትዋስ መጣች። አያ ይመር ራሳቸው አውርደው ሰጧት፤ እሷ ግን ወደ እኔ ዞራ «ደግ ሰው ነበሩ» አለችኝ። «ነበርኩ» አሉ እሳቸው። ሴትዮዋ አልሳቀችም፣ የተሳሳተችም አልመሰላት። በማኅበሩም ተራቸውን ዘለዋቸዋል። ቤት ሲገቡ ውሻው ጭራውን አይቆላም፤ ወይም እኔ እንደዚያ መሰለኝ።

«ከሞትኩ ወዲህ ሰው ሁሉ ደግ ሆኖልኛል» አሉኝ እየሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራኋቸው። ሽሮውን ከአንድ ገበታ ስንበላ፣ የነኩትን ጎን ትቼ በዚህኛው በላሁ።

ባለቤታቸውን እትየ ጥሩን ያገኘኋቸው ማድ ቤት ነው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። የመንደሩ ሴቶች ወጥ ሲሠሩ እሳቸው ጥግ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ የዚህን ድግስ ሽንኩርት አልነካም ብለዋል። ከባላቸውም ጋር አይነጋገሩም። ሴቶቹ ውኃ ሊቀዱ ሲወጡ ጠብቀው ወደ ጀሪካኖቹ አዩ።

«የቀዩ ማር የቱ ነው?» አሉኝ።

ቢጫውን አሳየኋቸው። እጃቸውን ጎኑ ላይ አኖሩት፣ የልጅ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው።

«የአራጋው ነው» አሉ። «በእኛ አገር ልጅ ሲወለድ አባቱ በስሙ ቀፎ ይሰቅልለታል። ያንን ቀፎ ከሱ በቀር ማንም አይቆርጠውም። ራቅ ብሎ ሲሄድም ይቆየዋል እንጂ አይነካም። የሚቆረጠው ሲሞት ነው። ዘንድሮ ንቡ በአረም መድኃኒት አልቆ ማሩ አነሰ። እኔ ቤተ ክርስቲያን በሄድኩበት ይሄ ሰውዬ ወጥቶ ቆረጠው።»

የዚያ ማር ሽታ፣ ቀለሙ፣ ልጁ ከሄደ ጀምሮ ሳይነካ መቆየቱ ሁሉ ገባኝ። እኔ በገዛ እጄ ጌሾ ጨምሬ ለተዝካር አሰናድቼዋለሁ።

«የሱን ተዝካር ይብላ» አሉ እትየ ጥሩ። «ከፈለገ ነገ ይገነዝ። ይሄ ከተጠጣ ግን የበላነው የልጄን ተዝካር ነው። ከዚያ ወዲያ በሬን ለማን ብዬ ነው ሳልቀረቅር የማድረው? አፈር ስሆንልሽ፣ አስካል፣ አታስጠጪብኝ።»

«ድግሱ የእሳቸው ነው፤ አምጪ ካሉኝ ምን እላለሁ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ጠጅ የምታውቂው አንቺ ነሽ» አሉና ሴቶቹ ሲመለሱ አፋቸውን ዘጉ።

ቅዳሜ

ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱ ጸሎት አደረጉ። የሙታን ስም ሲጠራ አያ ይመር ከወንዶቹ መሐል ቆመው ነበር። የክርስትና ስማቸው ከሟቾች ተርታ ተጠራ። አያ ይመር ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ «አሜን» አሉ። አጠገባቸው የቆመው ሰው አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ።

ዳሱ ከቤቱ ፊት ለፊት ተጥሏል። የእስላሙ ከብት በሸህ እንድሪስ እጅ ታርዶ ለብቻው ተሠርቷል፤ ለነሱም ጠጅ ሳይሆን ብርዝ አዘጋጅቼ ነበር። ደሴም ቢሆን ሰርግና ለቅሶ እንዲህ ነው፣ በዚህ ብቻ አገሬ ያለሁ መሰለኝ። ሌላው ግን እንግዳ ነው። ሰው እየበላ «ነፍስ ይማር» ይላል፤ ሟቹ «ብሉ እንጂ፣ አልተጫወታችሁም» እያሉ በመሐሉ ይዞራሉ። ጉሙ እስከ ዳሱ አፍ ገብቷል። ከዳር የተቀመጡት ሰዎች ወደ መሐል ተጠጉ፤ ብርድ ነው ይላሉ፣ ዓይናቸው ግን ከአያ ይመር አይነቀልም።

ጠላው ለሕዝቡ፣ ጠጁ ለካህናቱና ለሽማግሌዎቹ ነው። ከነጩ ጀሪካን እየቀዳሁ ብርሌ ሞላሁ። ተመሰገነ፤ አንድ ሽማግሌ እጄን ሳሙኝ። በዚህ አገር ከአፍ ወደ አፍ ስሜ እንዴት እንደሚዞር ታየኝና ደረቴ ተነፋ። ነጩ አለቀ።

«ያኛውን ክፈቺው፣ አስካል» አሉ አያ ይመር።

ቢጫውን አነሳሁ። እትየ ጥሩ ከማድ ቤት ወጥተው በሩ ላይ ቆመዋል፤ የዚያን ቀን ወደ ዳሱ ሲመለከቱ ያኔ የመጀመሪያቸው ነው። እኔ እናቴ ጠጅ ስትጥል ያየሁ፣ ከሷ የወረስኩት ሌላ ሀብት የሌለኝ ሴት ነኝ። ጠጅ ጣይ አንድ ጊዜ አበላሸች ከተባለች፣ ወሬው ከሷ ቀድሞ ቤቷ ይገባል።

ክዳኑን ከፈትኩ። ጥቂት ቀድቼ ቀመስኩ። መሬት ላይ እንትፍ አልኩት።

«ሆምጥጧል» አልኩ። «መንገድ ላይ ታፍኖብኛል። እንግዳ ፊት አይቀርብም።»

ዳሱ ውስጥ ጉርምርምታ ሆነ። እጄን የሳሙት ሽማግሌ ወደ ብርሌያቸው አዩ፣ የቀረችውን ደግመው አሸተቷት። አንዱ ለጎረቤቱ «የከተማ ሰው» ሲል ሰማሁት። ፊቴ ተቃጠለ።

«እስኪ አምጪው» አሉ አያ ይመር።

እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ ብርሌ ሞልቼ ሰጠኋቸው። ሰውዬው ከእኔ ይልቅ ማር ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ተጎነጩ፣ ቆሙ። ልጃቸው ሲወለድ የሰቀሉትን ቀፎ፣ አበባውን፣ የሄደበትን ዘመን ሁሉ እዚያች ጉንጭ ውስጥ እንዳገኙት ከፊታቸው አየሁ። ዓይናቸው ወደ ማድ ቤቱ በር ሄደ። ሚስታቸው ቀጥ ብለው ያዩዋቸዋል። አያ ይመር ሁለተኛ ተጎነጩ፣ ሦስተኛ፣ ብርሌውን ገልብጠው ጨረሱት።

«እውነቷን ነው» አሉ ለሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ሆምጥጧል። ይቀመጥ።»

ሆምጣጤ እስከ ጠብታው የሚጨርስ ሰው እንደሌለ ልብ ያለው አንድ ሰው ብቻ ይመስለኛል፤ እሱም ጠጅ ቀምሰው የማያውቁት ሸህ እንድሪስ። ብርዛቸውን አስቀምጠው ወደ መሬት እያዩ ፈገግ አሉ። እትየ ጥሩ ከበሩ ተመለሱ። ወዲያው ከማድ ቤት ሽንኩርት ሲከተፍ ሰማሁ።

እሑድ

ስነሳ ጉሙ የለም። በረሃው ከግቢው አጥር ማዶ ወለል ብሎ ተገልጧል፣ እስከ ታች፣ እስከ ማዶ ጎጃም ድረስ። ያን ሁሉ ቀን በዚያ አፋፍ ስመላለስ እንደነበር አሁን ሳየው ራሴ ዞረ።

እትየ ጥሩ ጠጁን ከጀሪካን ወደ እንስራ ገልብጠዋል፤ አፉን ሊመርጉት ነው። አያ ይመር እጅጌያቸውን ሰብስበው ጭቃውን ያቦካሉ።

«ወፈረ» አሉ እትየ ጥሩ።

«ውኃ ጨምሪበት እንግዲህ» አሉ አያ ይመር።

ባልና ሚስቱ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲነጋገሩ መስማቴ ነበር። አራጋው ሲመጣ የሚከፍተው ራሱ ነው፣ እስከዚያ ማንም አይነካውም አሉኝ እትየ ጥሩ። ይመጣል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም፣ እሳቸውም አላሉኝም። አያ ይመር ጭቃ በነካ እጃቸው እስከ በሩ ሸኙኝ። ውሻው ተከትሏቸው ወጣ፣ ጭራውን ይቆላ ነበር።

ሰይድ መካነ ሰላም ላይ ነገሩን ሲሰማ ያስነሳውን ሞተር መልሶ አጠፋ። ከዚያ «ለሕያው ሰው ነው እንግዲህ አሏህ ይዘንላቸው ያልኩት» አለ፤ ሞተሩን እያስነሳም «ለሕያውም ቢሆን አይጎዳም።» አቀስታ ላሳደረችኝ ሴት ቀሚሷን መለስኩላት፤ ያ የሚተነፍሰው ልጅ ደህና ደረሰ ወይ አለችኝ። ደህና ደርሷል አልኳት። ደህና ደርሷል አልኳት።

ይህ ከሆነ ከራርሟል። በቀደም ሰይድ ነጭ ማር ይዞ ገባ፤ «ሟቹ ሰላም ብለውሻል» ይለኛል አሁንም። ስለ አራጋው ወሬ የለም።

ሰሞኑን አንድ የወግዲ ነጋዴ እንግዳ ሆኖ ጠጅ ቤቴ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ላሉት ሲያወራ እሰማዋለሁ። እሱ አገር የቁም ተዝካር ላይ አንዲት የደሴ ሴት ሆምጣጤ ጭና መጥታ ሰው ፊት ተዋረደች አሉ፤ እንዲህ ያለችውን ጠጅ ቤት ማን ይገባል አለና ሳቀ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ዞር ብሎ «አንቺ የዚህ አገር ሰው ነሽ፣ ታውቂያት ይሆን?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩትና ብርሌውን ሞላሁለት።